ረቡዕ ረቡዕ የሚጸለይለት ንጉሥ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ሰው ፊት መናገርም አልወድም። ሱቅ ስሄድ ከፊቴ ያለው ሰው እስኪገዛ ጠብቄ «ለኔም እንደሱ» እል ነበር፤ በዚህ ምክንያት የማልፈልገውን ነገር ይዤ የተመለስኩበት ቀን ብዙ ነው። አንድ ጊዜ የጢም መላጫ ገዝቻለሁ። አሁን ግን የምነግራችሁ ነገር አለኝ። መጻፍ ሰው ፊት መቆም ስለሌለበት ሳይሻል አይቀርም ብዬ ጀመርኩ።

ስሜ ስንዱ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ጃናሞራ፣ ከመካነ ብርሃን ወጣ ብሎ ነው። ወደ ጎንደር የመጣሁት የእናቴን አጎት ለመጦር ነው። የምንኖረው ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ፀዳ ነው። እሳቸውን ሰው ሁሉ «የኔታ» ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። በደህናው ዘመን ዳዊት ከነትርጓሜው ያስተምሩ ነበር። ትርጓሜ ላልሰማ ሰው እንዲህ ነው፤ ተማሪው አንድ መስመር ያነባል፣ መምህሩ ፍቺውን ይናገራል፣ ከዚያ «አንድም» ብሎ ሌላ ፍቺ ይጨምራል፣ ደግሞ «አንድም» ይላል። የኔታ ይህን ዕድሜያቸውን ሙሉ ስለሠሩ አንድ ጥያቄ ቢጠየቁ አንድ መልስ ብቻ ሰጥተው አያውቁም። «ወጡ ጨው በዛበት?» ብዬ ብጠይቃቸው እንኳ «በዝቷል፤ አንድም የኔ ምላስ አርጅቷል» ነው የሚሉት።

ኋላ ጆሯቸው ደከመ። ዓይናቸውም ሰው መቆሙን እንጂ ማን እንደቆመ መለየት ተወ። የቀኝ ጆሯቸው ጨርሶ አይሰማም። ግራው የሚሰማው እኔ ተጠግቼ ስጮህበት ብቻ ነው። ሌላ ሰው ቢጮህ ነፋስ ነው የሚመስላቸው። ለምን እንደሆነ ሐኪሙም አልገባውም። በዚህ ዓለም ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ የምናገረው እዚያ ጆሮ ላይ ብቻ ነበር። መምህሩ የማይሰማበት ጉባኤ አይጸናምና ተማሪዎቹ አንድ በአንድ ወደ ሌላ መምህር ሄዱ። የኔታ ግን የዕለቱን ዳዊት መድገም አልተውም። ዳዊት ለሳምንቱ ቀናት የተከፋፈለ ነው፤ የሰኞ አለው፣ የማክሰኞ አለው። በቃላቸው ነው የሚደግሙት፤ ራሳቸውን ስለማይሰሙም ሰፈሩ ሁሉ አብሮ ያስቀድሳል።

ባለፈው ዓመት ጃናሞራ የነበሩት የየኔታ ወንድም ዐረፉና ለቅሶ ሄድን። እዚያ ሰነበትን። ልንመለስ ስንል ታላቅ ወንድሜ ከቤት ጀርባ ጠራኝ።

«ላንቺ ሰው ተገኝቷል» አለኝ። «ሸጋ በሬዎች አሉት።»

ዝም አልኩ። ስለ በሬዎቹ ቀለም ሳይቀር ነገረኝ። ስለ ሰውዬው ግን ስሙን እንኳ አልነገረኝም።

«ምነው ዝም አልሽ? እሺ ማለትሽ ነው» አለና ሄደ። ለፋሲካ ማግስት የሠርግ ቀጠሮ ተያዘልኝ።

በደባርቅ አድርገን ወደ ጎንደር የተመለስነው ረቡዕ ቀን ነው። አውቶቡሱ ሞልቷል። አጠገባችን አንዲት ወፍራም ሴትዮ ነጭ ሽንኩርት በጆንያ ይዘው ተቀምጠዋል። ጎንደር ልጃቸው ቤት ማኅበር ስላለ መድረስ እንዳለባቸው ከደባርቅ ጀምሮ ለሁሉም ነግረዋል። የኔታ መስኮት ጋ ተቀምጠው የረቡዕን ዳዊት ይደግማሉ። እኔ ደግሞ በሬዎቹን አስባለሁ።

አምባ ጊዮርጊስን አልፈን ጥቂት እንደሄድን መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደርድሮ አገኘን። ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ከባሕር ዛፉ ውስጥ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ወጡ። ማን እንደሆኑ አልጽፍም። በዚያ መንገድ የሚመላለስ ሰው ሁለቱንም ወገን ያውቃል፤ እኔም ከነዚህ ወይም ከነዚያ ናቸው ብል ለታሪኩ የሚጨምረው ነገር የለም። ከዚያ በፊት እዚያው አካባቢ ከመኪና ወርዶ ያልተመለሰ ሰው እንደነበር ግን ሁላችንም ሰምተናል።

ሁለቱ ወደ አውቶቡሱ ገቡ። ከፊት የገባው አለቃቸው ነው። ጓደኞቹ «አያ መብረቁ» ይሉታል። ልጇን መብረቁ ብላ የምትሰይም እናት ስለማላውቅ የበረሃ ስም መሆኑ ገባኝ። ጢሙ ሽበት ጣል አድርጎበታል። መታወቂያ መሰብሰብ ጀመረ። አውቶቡሱ ጸጥ አለ። ከወንበር ሥር የታሰረች ዶሮ ነበረች፤ እሷም ዝም አለች።

የኔታ ብቻ አልሰሙም። ልክ መብረቁ አጠገባችን ሲደርስ በዚያ ድምፃቸው፦

«እግዚኦ ኵነኔከ ሀቦ ለንጉሥ፤ ወጽድቀከኒ ለወልደ ንጉሥ!» አሉ።

መብረቁ ቆመ። «ምን አለ?»



«ለንጉሥ አለ እኮ» አለ ከኋላው ያለው ልጅ እግር ታጣቂ። «አምላክ ሆይ ፍርድህን ለንጉሥ ስጠው፣ ጽድቅህንም ለንጉሥ ልጅ፣ ነው የሚለው። እኔም ዳዊት ጀምሬ ነበር።»

«እኔም ግእዝ አይጠፋኝም፣ አንተ» አለው መብረቁ። ከዚያ የኔታን ትከሻ ነካቸው። «አባት! ለየትኛው ንጉሥ ነው?»

የኔታ ሰላምታ መስሏቸው ከወገባቸው ጎንበስ አሉለትና ቀጠሉ።

«አይሰሙም» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም። የሽንኩርቷ ሴትዮ ደገሙልኝ፦ «አይሰሙም ትላለች! የሚሰሙት እሷን ብቻ ነው!» መንገዱን ሙሉ ጆሯቸው ላይ ስጮህ ስላዩኝ ነው።

«ዛሬ በዚህ አገር ንጉሥ ነኝ የሚለው ማን እንደሆነ እናውቃለን» አለ መብረቁ። «ለሱ የሚጸልይ ሰው ከሆነ ከኛ ጋር ይቆያል። አንቺ ትሄጃለሽ። ውረዱ።»

«ይቆያል» የሚለውን ሲል ፊቱ አልተለወጠም፤ የሰዎቹ ፊት ግን ተለወጠ። የኔታን ደግፌ አወረድኳቸው። ያለኔ የሚሰሙት ድምፅ የለም። ውሃ ቢጠማቸው መጠየቅ ይችላሉ፤ ምን እንደተመለሰላቸው ግን የሚነግራቸው የለም። ይህን እያሰብኩ ነበር የምወርደው።

«ደረስን?» አሉኝ የኔታ።

«ዕረፍት ነው» ብዬ ጆሯቸው ላይ ጮህኩ። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም። እውነቱን ለመናገር የሚሆን ቃል ከአፌ አልወጣም።

ከመንገዱ ዳር ድሮ የመንገድ ሠራተኞች ያደሩበት የድንጋይ ቤት አለ። ግቢው ውስጥ ወሰዱን። የኔታን ግንድ ላይ አስቀመጥኳቸው። ታጣቂዎቹ ዙሪያውን ቆሙ። ተሳፋሪውም ከአውቶቡሱ ወርዶ ከአጥሩ ውጭ ቆመ፤ ሹፌሩ መሄድ አልተፈቀደለትም።

«ጠይቂው» አለኝ መብረቁ። «ለየትኛው ንጉሥ ነው የምትጸልየው በይው። እውነቱን ካልተናገረ ዛሬ ከዚህ አይነሳም በይው።»

ወደ ግራ ጆሯቸው ተጠጋሁ። «የኔታ! ስለ ንጉሡ የሚለውን ትርጓሜውን ይንገሩን ይላሉ!»

እስከዛሬ ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እጠየቃለሁ። ለሽማግሌ ሰው «ከዚህ አትነሳም» ተብሎ አይነገርም፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

የኔታ ግን ፊታቸው በራ። ከጋቢያቸው ውስጥ ቀና አሉ። ለብዙ ጊዜ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

«ጠያቂ ተገኘ? በዚህ መንገድ ላይ? ሸጋ ነው!» አሉ። «ታዲያ ንባቡስ? ሳይነበብ ይተረጎማል እንዴ? አንባቢ አቅርቡልኝ።»

መብረቁ ወደኔ ዞረ። «ምን ማለቱ ነው?»

«ያላነበበ አይተረጎምለትም፤ ሥርዓቱ ነው» አለ ልጅ እግሩ ታጣቂ በኔ ፋንታ። «መጀመሪያ ተማሪ ያነባል።»

«እንግዲያስ አንብብ።»

«እኔማ መዝሙር አሥርን ሳላልፍ ነው የጠፋሁት። እርስዎ ነዎት እኮ ዳዊት ደግሜአለሁ እያሉ ስንት ሌሊት ያደረቁን፣ አያ መብረቁ።»

ሌሎቹ ሳቁ። መብረቁ አልሳቀም። ቢሆንም ሰው ሁሉ ያየዋል። የኔታ ዳዊታቸውን ከማኅደሩ አውጥተው ዘርግተው ይጠብቃሉ። ተቀበለና ገለጠው። ቦታውን ለማግኘት ጥቂት ፈጀበት፤ ካገኘው በኋላ ግን ማንበብ ጀመረ።

«ቆሞ የሚያነብ ማን ነው?» አሉ የኔታ። ጥላውን አይተዋል። «ተማሪ ቆሞ አይማርም። ቁጭ በል።»

መብረቁ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ከመሬት!» አሉ የኔታ።

መብረቁ ሰዎቹን አንድ ጊዜ አየ፤ ከዚያ ወደ መሬት ወረደ። ጠመንጃው በትከሻው ላይ ስለነበር አፈሙዙ እየዞረ መጽሐፉን ይገጫል።

«ያ በትር ምንድን ነው?» አሉ የኔታ። «በትር ይዞ የሚማር እረኛ ነው። ለሰው አስይዘው።»

መብረቁ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደና ለልጅ እግሩ ታጣቂ ሰጠው። ልጁ ሁለት ጠመንጃ ይዞ መሳቅ ስለማይችል ፊቱን ወደ ባሕር ዛፉ አዞረ።

ከዚያ ጉባኤው ተጀመረ። መብረቁ ያነባል። እኔ የሰማሁትን ቃል በቃል የየኔታ ጆሮ ላይ እጮሃለሁ። ግእዝ አላውቅም፤ እንደመጣልኝ ነው የምጮኸው። የኔታ «አይደለም፣ እንዲህ አይነበብም» ይላሉ። ጥፋቱ የሱ ይሁን የኔ አይታወቅም። መብረቁ እንደገና ያነባል፣ እኔ እንደገና እጮሃለሁ። ከአጥሩ ውጭ የቆመው ተሳፋሪ ሳይቀር በአፉ ይከተለን ጀመር። ንባቡ እስኪቃና ፀሐይዋ ከራሳችን በላይ ደረሰች። መብረቁ ላብ በላብ ሆነ።

«አሁን ሸጋ ነው» አሉ የኔታ። «ይህ ጸሎት ነው። ዳዊት በስተርጅናው ለልጁ ለሰሎሞን ጸለየለት። ንጉሥ ያለው ሰሎሞንን ነው። አንድም፣ ነቢይ ነውና ለክርስቶስ ተናገረው፤ ንጉሥ ያለው ክርስቶስን ነው።»

መብረቁ መሬቱን በመዳፉ መታ። «የሞተውንና የሰማዩን ማን ጠየቀው! የዛሬውን ነው ያልኩት! ይህ ሽማግሌ ይቀልድብናል እንዴ? በይው!»

«የኔታ!» ብዬ ጮህኩ። «በጣም ሸጋ ነው፣ ስለ ዛሬውም ይጨምሩልን ይላሉ!»

ከታጣቂዎቹ አንዱ ሳል በሚመስል ሳቅ ታነቀ። መብረቁ ቀስ ብሎ ዞሮ አየኝ።

«አንቺ። እኔ ያልኩትን ነው የምትነግሪው?»

«በአጭሩ ነው የምነግራቸው» አልኩ። ለማላውቀው ወንድ በሕይወቴ የተናገርኩት ረጅሙ ነገር ይህ ነበር።

የኔታ ግን ቀጥለዋል። «የዛሬውማ ግልጽ ነው። ንጉሥ ማለት ዘውድ አይደለም፤ ዘውድ ወርቅ አንጣሪ ይሠራዋል። ንጉሥ ማለት ፍርድ በእጁ ያለ ማለት ነው። ሲፈልግ የሚይዝ፣ ሲፈልግ የሚለቅ። ዛሬ እዚህ ቦታ ፍርድ በማን እጅ ነው?»

«በኔ ነዋ» አለ መብረቁ።

«በሳቸው ነው ይላሉ!» ብዬ ጮህኩ።

«እንግዲያስ የደገምኩት ለሱ ነው።»

መብረቁ ተደላድሎ ተቀመጠ። ሰዎቹን አየ። ፈገግታ ቢጤ ጢሙ ውስጥ አየሁ። ከአጥሩ ውጭ የሽንኩርቷ ሴትዮ «ተመስገን፣ አለቀ!» ብለው ጆንያቸውን ሲያነሱ ሰማሁ። እኔም ያለቀ መስሎኝ የየኔታን ክንድ ያዝኩ።

«አንድም» አሉ የኔታ።

ጋቢያቸውን ጎተትኩ። አልሰሙኝም፤ ማለቴ ሊሰሙኝ አልፈለጉም።

«ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። 'ሀቦ' ይላል። ስጠው። ላለው ሰው ስጠው አይሉለትም። ለጠገበ እንጀራ ስጠው ተብሎ አይጸለይም። ዳዊት ራሱ ንጉሥ ነበር፤ ንጉሥ ፍርድ እንደሚጎድለው ከራሱ ያውቀዋል። ስለዚህ ይህ ጸሎት ምስጋና አይደለም፤ ልመና ነው። ለባለሥልጣን የሚጸለየው ስላማረበት አይደለም፤ ስለጎደለው ነው።»

የመብረቁ ፈገግታ የት እንደገባ አላየሁም።

«ዝቅ ብሎ ደግሞ ምን ይላል? 'ይወርድ ከመ ጠል ውስተ ፀምር።' ንጉሥ ሲመጣ በበግ ጠጉር ላይ እንደሚያርፍ ጤዛ ይምጣ። እንደ መብረቅ አላለም። መብረቅም የሚመጣው ከላይ ነው፤ የወረደበት ማሳ ግን እህል አይሰጥም።»

የኔታ የሰውዬውን ስም አልሰሙም። እኔ አልነገርኳቸውም። በግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ግን ስሙን ያውቃል። ልጅ እግሩ ታጣቂ እንኳ አሁን አልሳቀም።

መብረቁ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ሲጮህ ይሻል ነበር።

«አሁን የምነግርሽን በአጭሩ አይደለም የምትነግሪው። እንዳልኩት ነው። አንደኛ፣ ፍርድ የለህም ማለቱ ነው ወይ? ሁለተኛ፣ እዚያ ማዶ ላሉትስ፣ ለነዚያስ ይጸልያል ወይ? አንዲት ቃል ብታጎድይ አውቃለሁ።»

ማዶ ያሉት ማን እንደሆኑ ታውቃላችሁ። «አይጸልዩም» ቢሉ ይለቀቃሉ። የኔታ ግን እንዲህ አይሉም፤ አውቃቸዋለሁ። ጥያቄውን ብለውጠው ሰዎቹ ይሰሙኛል። ባልለውጠው መልሱን ይሰማሉ። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ የት እንዳሉ ሳያውቁ እንዳይመልሱ። እስከዚያ ድረስ ዕረፍት ላይ ያሉ ነው የሚመስላቸው።

ጆሯቸው ላይ ተደፋሁ። ያን ያህል ጮኼ አላውቅም። ማዶ ያለው ገደል ድምፄን መለሰው።

«የኔታ! ዕረፍት አይደለም! እነዚህ ሰዎች ጠመንጃ ይዘዋል! ይዘውናል! ፍርድ የለህም ማለትዎ ነው ወይ ይላሉ! ማዶ ላሉትስ ይጸልያሉ ወይ ይላሉ! የሚመልሱትን አስበው ይመልሱ፣ አይቅሩብኝ!»

የመጨረሻውን ማንም አላዘዘኝም።

የኔታ እጃቸውን ዘርግተው ራሴን ዳበሱኝ።

«ምነው ልጄ፣ ጠመንጃ ቢይዙስ?» አሉ። «ጠመንጃ ላልያዘውማ ምን ይጸለይለታል? እሱ ነው የሚጸልየው።»

ወደ መብረቁ ጥላ ዞሩ። «ፍርድ የለህም አላልኩም። ይስጥህ አልኩ እንጂ። ማዶ ላሉትስ ላልከው፣ ረቡዕ ከሆነ አዎ። የረቡዕ ዳዊት የረቡዕ ነው፤ ለነዚህ ይነበብ ለነዚያ ይዘለል የሚል በቀይ ቀለም አልተጻፈበትም። 'ለወልደ ንጉሥ' የሚለውም ለዚሁ ነው። ዛሬ ለተቀመጠው ብቻ ብትጸልይ ነገ ሌላ ይቀመጣል። ዳዊት ዐዋቂ ነውና ለሚመጣውም አስቀድሞ ጸልዮ ጨረሰ።» ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «ወስብሐት ለእግዚአብሔር።»

ይህ ጉባኤ ሲያበቃ መምህር የሚለው ነው። ከዚያ በኋላ ተማሪው «ቃለ ሕይወት ያሰማልን» ብሎ ተነስቶ የመምህሩን ጉልበት ይስማል። ሳይስም የሚሄድ የለም። ይህን እኔም፣ ታጣቂዎቹም፣ ከአጥሩ ውጭ ያለው ሰውም እናውቃለን። የኔታም ጉልበታቸውን አስተካክለው ይጠብቃሉ።

መብረቁ ከመሬት ተነሳ። ቂጡን አራገፈ። ከዚያ ቀኝ እጁን ወደ ልጅ እግሩ ታጣቂ ዘረጋ። ልጁ ከሁለቱ ጠመንጃዎች የሱን መርጦ አቀበለው። እኔ ከእጁ ላይ ዓይኔን አልነቀልኩም። ጠመንጃውን ያዘ። አየው። ትከሻው ላይ አነገተው፤ ከዚያ ግን ወደኋላ፣ ወደ ጀርባው ገፋው፣ ሰው ሲጎነበስ ወደፊት እንዳይመጣበት እንደሚያደርገው። ጎንበስ አለ። የየኔታን ጉልበት ሳመ።

«ቃለ ሕይወት ያሰማልን» አለ። ሲናገር ጥርሱን እንደነከሰ ነው።

«አሜን!» አለ ግቢው ሁሉ። ከሁሉ በላይ የተሰማው የሽንኩርቷ ሴትዮ ነው።

ሌላው ታጣቂ፣ እስከዚያ ድረስ ቃል ያልተነፈሰው ሸምገል ያለው፣ «እንግዲህ አያ መብረቁ፣ መምህርዎን ሊያስሩ ነው?» አለ።

«ዝም በል» አለው መብረቁ። ቀጥሎ ለኔ «ውሰጃቸው» አለኝ። ጠዋት «እሱ» ነበሩ፤ አሁን «እሳቸው» ሆኑ።

አውቶቡሱ ሲነሳ የሽንኩርቷ ሴትዮ «የኔታ፣ ለሚቀጥለው ጊዜ ግን በአጭሩ» አሉና ሁሉም ሳቀ። ጎንደር ሳንደርስ የማዶኞቹም ኬላ ነበር። የኔታ ስለተኙ ማንም ምንም አልጠየቀንም።

ያ ቀን ምን ለወጠብሽ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ትልቅ ነገር አልነግራችሁም። መንገዱ አሁንም ይዘጋል፣ ይከፈታል። የተለወጠው የኔ ድምፅ ነው። ቤት በገባን ማግስት ለወንድሜ ደወልኩ። ልጠብቅ፣ እሱ ይጀምር ብዬ ነበር፤ ግን የተለመደው ጩኸት ከጉሮሮዬ ገና አልወጣም ነበርና «አላገባም! በሬዎቹን ራስህ አግባ!» ያልኩት የሰፈሩን ሰው ሁሉ ከቤቱ አወጣው። ወንድሜ ለረጅም ጊዜ አኮረፈኝ። አልቀየምኩትም። በኔ ላይ ፍርድ በእጁ ነበር፤ የኔታ እንዳሉት ፍርድ በእጁ ያለ ሰው የሚጎድለው ነገር አለ። ለሱም ጸለይኩለት፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ።

ስለ ጥያቄዎቹም አስባለሁ። ጠዋት ሙሉ ያለሰለስኳቸው ጥያቄዎች የኔታን ከለሏቸው ብዬ ነበር። ዛሬ ግን እናንተም እንድታስቡበት እጠይቃችኋለሁ፤ እውነቱን ከመንገሬ በፊት የተናገሩት ትምህርት ነበር፣ ከነገርኳቸው በኋላ የተናገሩት ግን የራሳቸው ምርጫ ነው። ሰው የት እንደቆመ ሳይነገረው ደፋር ነው ማለት አይቻልም። እኔ ያን ሊነፍጋቸው የሚችል ሰው ሆኜ ነበር፤ በፍቅር ብዬ።

አሁን ሁለት ተማሪዎች ተመልሰዋል። እነሱ ያነባሉ፣ እኔ ጆሯቸው ላይ እጮሃለሁ፣ የኔታ «አንድም» ይላሉ። ሳላስበው ብዙ ቃል ገባኝ። ያቺን የረቡዕን መዝሙር ግን ከሁሉ አስቀድሜ፣ ከዳር እስከ ዳር በቃሌ ያዝኳት። ለምን እሷን እንዳስቀደምኩ ለማንም አልተናገርኩም፤ ለየኔታም። የሳቸው ጆሮ ላይ ምስጢር አይነገርም፤ ሰፈሩ ይሰማል። ለናንተ ግማሹን ልንገራችሁ።

የዚያን ቀን አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል መስኮቱ ተንኳኳ። መብረቁ ነው፤ ብቻውን ነው የመጣው። መስኮቱን ትንሽ ከፈትኩት። ምን እንደፈለገ ግን አልገባኝም። እሱም እንደኔ አፍሮ ነበር፤ እኔን ሳይሆን መንገዱን ነው የሚያየው። በኛ አገር ለሰው የሚጸለየው በክርስትና ስሙ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ በበረሃ ስም የሚጸለይ የለም። አንገቱን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አንድ ስም በጆሮዬ ነገረኝ። ሸጋ ስም ነው፤ አልጽፈውም። ለየኔታ ልነግራቸው ወደ ግራ ጆሯቸው ስዞር ክንዴን ያዘኝ።

«ለሳቸው አትጩሂው፤ ሰው ይሰማል» አለኝ። «አንቺው ያዢው። ረቡዕን ብቻ እንዳትረሺ።»